የኮንጎ ምሽት እንዴት ይዘጋጅ? ከሩምባው እስከ ደብዳቤው

ኮንጎ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን የፕላስቲክ ጫማው ነው፤ ቀጥሎ ጦርነቱ። ሕዝቡ በመሃል ይጠፋል። የባህል ምሽት ያንን ሕዝብ በቋንቋው፣ በዜማውና በማዕዱ ፊት ለፊት ያመጣዋል፤ ከዚያ በኋላ ለምክር ቤት አባል በሚላክ ደብዳቤ ስለ ጦርነቱ ለሚቀርበው ጥያቄ ጆሮ ይገኛል። እዚህ ያለው ምክር ለ30 ያህል ሰው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ለሚፈጅ ዝግጅት ነው።

ቀኑን ከስምንት ሳምንት በፊት ቁረጡ። ሰኔ 23 (ጁን 30) አገሪቱ፣ ማለትም ዋና ከተማዋ ኪንሻሳ የሆነችው ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከቤልጂግ ነፃ የወጣችበት ዕለት ስለሆነ ለጨዋታ ይስማማል። ሐምሌ 26 (ኦገስት 2) ግን ኮንጎዎች «ጄኖኮስት» ብለው ሙታናቸውን የሚያስቡበት ነው፤ በዚያ ቀን ሻማ፣ ዝምታና ንግግር እንጂ ጭፈራ አይገባም።

አዳራሽ ከመከራየታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ኮንጎአውያን ተባባሪዎች ፈልጉ። መልእክቱን እነሱ ይቅረጹ፤ መድረኩንም እነሱ ይምሩ። ከምሥራቁ ክፍል ከኪቩ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስዋሂሊ፣ የኪንሻሳው ደግሞ ሊንጋላ ይናገራልና አስተርጓሚ ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ። ሰንደቅ ዓላማውንም አስተውሉ፦ በሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ ኮከብና ቀይ ሰያፍ መስመር ያለበት የኪንሻሳው ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩ ዋና ከተማዋ ብራዛቪል የሆነችው የጎረቤቷ የሌላዋ ኮንጎ ነው፤ የእኛን ዓይን በቀላሉ ያሳስታል።

የኮንጎ የጭፈራ ሙዚቃ የሆነው ሩምባ የሁለቱም አገሮች ነው፤ በ2021 በዩኔስኮ የተመዘገበውም በጋራ ስማቸው ነው። ከፍራንኮ ሉአምቦ እስከ ምቢሊያ ቤል አምስት ስድስት ዘፈን ምረጡና እያንዳንዱን ሙሉውን አጫውቱ። ብዙው የኮንጎ ዘፈን በዝግታ ይጀምራል፤ ግጥሙ ሲያልቅ ጊታሮቹ ይፈጥኑና «ሴቤን» ይገባል። ሰው ከወንበሩ የሚነሣው ያኔ ነው። በሦስተኛው ደቂቃ የሚቆርጥ ዲጄ ዋናውን ክፍል ሳያሰማ ቀረ ማለት ነው። የአንዱን ዘፈን ግጥም በአማርኛ አስተርጉማችሁ በወረቀት አድሉ።

ለማዕዱ ፖንዱ፣ ማለትም የተወቀጠ የካሳቫ ቅጠል ወጥ፣ ይበቃል። ለ30 ሰው 3 ኪሎ የበረዶ ፖንዱ ከአፍሪካ ሸቀጥ መደብር ይገዛል። ጥሬው ቅጠል ሳይናይድ የተባለውን መርዝ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ስላለው ድስቱን ሳትከድኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት አንተክትኩት፤ ሽንኩርቱና የዘንባባ ዘይቱ ከዚያ በኋላ ይገባሉ። ሰኔ 23 ምንጊዜም በሰኔ ጾም ውስጥ ስለሚውል ያለ ዓሳ የተሠራ ድስት ለብቻው ይኑር።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ ምግብ፣ 25 ደቂቃ ንግግር፣ የደብዳቤ ፊርማ፣ በመጨረሻ ጭፈራ። ፊርማውን ከጭፈራው በኋላ ካደረጋችሁት ግማሹ ሰው ኮቱን አንሥቶ ወጥቷል።

ብዙ ዝግጅት የሚበላሸው በደብዳቤው ላይ ነው፤ ሁሉን ነገር ይጠይቃልና። አንድ ገጽ፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ተቀባይ ይሁን። ማዕድናቱንም አታደባልቁ። ኮባልት የሚወጣው ከደቡብ፣ ከኮልዌዚ አካባቢ ነው፤ ጦርነት ያለበት ምሥራቁ ኪቩ የሚታወቀው በኮልታን፣ በቆርቆሮ ማዕድንና በወርቅ ነው። ከ2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የግጭት ማዕድናት ደንብ የሚመለከተው ቆርቆሮ፣ ታንታለም (ከኮልታን የሚወጣው)፣ ተንግስተንና ወርቅ ነው፤ ኮባልት የለበትም። በዚህ ደንብ ስለ ኮባልት የሚጠይቅ ደብዳቤ «አይመለከተንም» ለማለት ምክንያት ይሰጣል። እያንዳንዱ ፈራሚ የመኖሪያ አድራሻውን ይጻፍ፤ የምክር ቤት አባል ቅድሚያ የሚሰጠው ለራሱ መራጭ ነው።

የሟቾችን ቁጥር በተመለከተ፣ በየቦታው የሚጠቀሱት ሚሊዮኖች በአብዛኛው በረሃብና በበሽታ ያለቁትን የሚጨምሩ ግምቶች ናቸው። ይህን ሳትገልጹ በፖስተር ላይ ከጻፋችሁት አንድ ተጠራጣሪ ምሽቱን በሙሉ በቁጥር ክርክር ይወስድባችኋል። ጸንቶ የሚቆመው በ2010 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት ነው፤ ከ1993 እስከ 2003 የተፈጸሙ 617 ከባድ የጥቃት ድርጊቶችን ዘርዝሯል።

ፎቶ ላይ ጥብቅ ሁኑ። የተደፈሩ ሴቶችን ወይም የቆሰሉ ሕፃናትን ፊት አታሳዩ። የተደፈሩ ሴቶችን የሚያክሙትን የዶክተር ዴኒስ ሙክዌጌን የቡካቩ (የኪቩ ከተማ) ፓንዚ ሆስፒታል ሥራ ለማስረዳት የሕንፃውና የሐኪሞቹ ምስል ይበቃል።

ንግግሩ ሳይጀመር መድረክ መሪው አንድ ሕግ ያንብብ፦ መንግሥታትና ታጣቂዎች በስማቸው ይወቀሳሉ፤ ብሔረሰብ ግን አይወቀስም። ቱትሲ የሆኑ ኮንጎአውያን በገዛ አገራቸው «ባዕድ» እየተባሉ ተገድለዋል፤ በአዳራሹም ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ተናጋሪው ሕጉን ከጣሰ ማይኩን ወዲያው ተቀበሉት።

በእኛ ወገን የሚነሣ እውነተኛ ትስስርም አለ። ከ1960 ጀምሮ የኢትዮጵያ ጠቅል ብርጌድ በኮንጎ በተባበሩት መንግሥታት ጦር ሥር አገልግሏል፤ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬም በ1962 እና 1963 የዚያ ጦር አዛዥ ነበሩ። እዚያ የዘመቱ አባት በአካባቢያችሁ ካሉ ለአምስት ደቂቃ ጋብዟቸው።

ደብዳቤዎቹ በማግስቱ ይላኩ። በአራት ሳምንት መልስ ካልመጣ ስልክ ደውሉ፤ መልስ ሲመጣ ደግሞ ቅጂውን ለፈረመው ሁሉ አድርሱ።