ፈንዲሻ ሚተኩስ የካርቶን ታንክ ከልጆቻችሁ ጋር እንዴት እንደምትሰሩ

ባለፈው ክረምት የ6 አመት ልጄ የመጥረጊያ እንጨት እንደ ክላሽ ይዞ "ጧ ጧ ሞተሻል ውደቂ!" እያለ እናቴን ሲያሳድዳት እሷም ለሱ ብላ ሶፋው ላይ ስትወድቅለት አየሁ፣ እናቴ ደግሞ ጦርነት በአይኗ ያየች ሰው ናት፣ ስትነሳ ፊቷ ላይ የነበረው ነገር እስካሁን ከሀሳቤ አልወጣም። እንጨቱን ብቀማው ዋጋ የለውም፣ ልጅ እኮ ዳቦውን ነክሶ ነክሶ ሽጉጥ ያረገዋል። ስለዚህ ከመከልከል መሳሪያው ላይ ሚያሾፍ መጫወቻ አብረን እንስራ አልኩት፣ በ3ኛው ነው የተሳካልን።

መጀመሪያ ስላቁ የቱ ጋ እንደሚቀመጥ ካልገባችሁ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። የመጀመሪያውን ታንክ ሮዝ ቀብተን አበባና ልብ ሞላንበት፣ የሰፈር ልጆች "ኬክ ነው?" ብለው ጥለውት ሄዱ። ሁለተኛውን ቡራቡሬ ቀብተን አሳምረን ሰራነው ግን ከአፉ ምንም አይወጣም ነበር፣ እነሱው "ዷ ዷ" እያሉ ጦርነታቸውን ቀጠሉበት። ሶስተኛው ላይ ነው የገባኝ፣ ታንኩ ከሩቅ ሲታይ የምር ታንክ መሆን አለበት፣ ልጁ እስኪመኘው ድረስ፣ ከዛ አፈሙዙ ሲከፈት ያልተጠበቀ ነገር ይወጣል። ለውጡ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሲሆን ነው ሚያስቀው።

ይሄን አሳምረው የሰሩት ሰዎች አሉ። በ1993 እ.ኤ.አ አሜሪካ ውስጥ ራሳቸውን የባርቢ ነፃ አውጪ ድርጅት ብለው የጠሩ ሰዎች ባርቢ ሚባሉ ሚናገሩ የሴት አሻንጉሊቶችና ጂ አይ ጆ ሚባሉ የወታደር አሻንጉሊቶች ገዝተው ውስጣቸው ያለውን የድምፅ ዕቃ አቀያይረው መልሰው ሱቅ መደርደሪያ ላይ አስቀመጡ፣ ጡንቸኛው ወታደር በሴት ልጅ ድምፅ ስለ ሰርግ ማውራት ጀመረ ባርቢዋ ደሞ በቀል የኔ ነው እያለች ታጓራለች። ከውጪ ሲታዩ ግን ያው ናቸው። ቦነስ አይረስ ውስጥም ራውል ሌሜሶፍ ሚባል አርቲስት የ1979 ፎርድ ፋልከን መኪና ታንክ አስመስሎ ሰርቶ ጎንና ጎኑን 900 ገደማ መፅሀፍ ደርድሮበት በየመንገዱ እየዞረ መፅሀፉን በነፃ ያድል ነበር፣ አፈሙዙ ሳይቀር አለው፣ ሳትጠጉት ታንክ ነው።

እሺ ወደ ስራው። አንድ የጫማ ካርቶን፣ አንድ ትንሽ ካርቶን (የሻይ ቅጠል ምናምን)፣ ያለቀ ሶፍት መሀሉ ላይ ያለው ክብ ካርቶን፣ ፊኛ፣ የሃይላንድ ክዳን 10፣ ኮላ፣ ፕላስተር፣ ቀጭን ሽቦ፣ 2 የሸሚዝ ቁልፍ፣ የውሃ ቀለም። የጫማው ካርቶን አካሉ ነው፣ ትንሹ ካርቶን ደግሞ ከላይ የሚዞረው ጭንቅላት። ሁለቱንም መሀላቸውን ቀዳችሁ ሽቦውን አሳልፉና ከላይና ከታች በሸሚዝ ቁልፍ እሰሩት፣ በጣም አታጥብቁት እንዲዞር።

ሰንሰለቱ ላይ ጊዜ ውሰዱ ምክንያቱም ታንክን ታንክ ሚያስመስለው እሱ ነው። ወፍራም ካርቶን በጠባቡ ቆርጣችሁ ላይኛውን ወረቀት በእርጥብ ጨርቅ እያራሳችሁ ቀስ ብላችሁ ስትልጡት ውስጡ ያለው ሞገድ ሞገድ ይወጣል፣ ቁርጥ የታንክ ሰንሰለት! እሱን በየጎኑ ጠቅልሉና ውስጡ 5 5 ክዳን ለጥፉ። ቆርኪም ይሆናል ግን ጠርዙ ይቆርጣል፣ ለትንንሾቹ ክዳኑ ይሻላል።

አፈሙዙ እንዲህ ነው፣ ፊኛውን ሳትነፉ አፉን ቋጥሩት፣ ከዛ በሌላው በኩል ጫፉን በመቀስ ቆርጣችሁ የሶፍቱ ካርቶን አንዱ አፍ ላይ ለጥጣችሁ አልብሱትና ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቁ። ትንሹን ካርቶን ፊት ለፊት ቀዳችሁ የሶፍቱን ካርቶን አስገቡበት፣ ፊኛው በኋላ በኩል ይውጣ፣ እጅ እንዲገባ የኋላውን ግድግዳ ቆርጣችሁ አውጡት። 5 ወይ 6 ፍሬ ፈንዲሻ ትጨምራላችሁ፣ ቋጠሮውን ሳብ አርጋችሁ ትለቃላችሁ፣ የኛው ወደ 2 ሜትር ይወረውራል። እንዲረዝም ብዬ 2 የሶፍት ካርቶን ቀጥዬ ነበር፣ ፈንዲሻው መሀል ላይ ይቀራል፣ አንዱ ይበቃል።

ፈንዲሻው ያለ ዘይትና ያለ ስኳር ይፈንዳ፣ አለበለዚያ ካርቶኑ ይርሳል ፊኛውም ይጣበቃል። ያልፈነዳውን ፍሬ አንድ በአንድ ልቀሙ፣ ደረቅ በቆሎ አይን ላይ ቢያርፍ ቀልድ አይደለም። ከ4 አመት በታች ላለ ልጅ ፈንዲሻ ትን ሊለው ይችላል አትስጡት፣ የፊኛውን ቁራጭም ወዲያው አንሱ፣ አፍ ውስጥ ገብቶ ጉሮሮ ይዘጋል።

ቀለሙ ቡራቡሬ ይሁን፣ የማንም ሀገር ባንዲራ የማንም ጦር ምልክት ግን አታድርጉበት። ሚሾፈው ብረቱ ላይ ነው፣ በብረቱ የተጎዳ ሰው ላይ ወይ ልጁን ወታደር ቤት የላከ ጎረቤት ላይ መሆን የለበትም። ልጄ ድሮን እንስራ ብሎኝ ነበር ከረሜላ በፌስታል ጃንጥላ ሚጥል፣ ሀሳቡ ያምራል፣ በ1948 እ.ኤ.አ በርሊን ስትከበብ ጌይል ሃልቮርሰን ሚባል አሜሪካዊ ፓይለት ለልጆች ከረሜላ በመሀረብ ጃንጥላ አስሮ ከአውሮፕላን ይጥል ነበር፣ ግን ሰፈራችን ውስጥ የድሮን ድምፅ ሰምተው ተፈናቅለው የመጡ ልጆች አሉ፣ ለነሱ ድሮን ገና ሚሳቅበት ነገር አልሆነም፣ እምቢ አልኩት ለምን እንደሆነም ነገርኩት። ጦርነት በነበረበት አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ለማስጌጫ ብላችሁ ወድቆ የተገኘ ብረት፣ ቀለህም ቢሆን፣ ልጆች እንዲያነሱ አታድርጉ፣ ያልፈነዳ ሊኖር ይችላል።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ሽጉጥ ወይ ጠመንጃ ሚመስል እንዳትሰሩ እለምናችኋለሁ፣ ኖቬምበር 2014 ክሊቭላንድ ውስጥ የ12 አመቱ ታሚር ራይስ መጫወቻ ሽጉጥ ይዞ በፖሊስ ተገድሏል። ማንም የምር ነው ብሎ ማይሳሳተው ጠረጴዛ ላይ ሚቀመጥ ታንክ ወይ መድፍ ይበቃል።

የታንኩ ማሸጊያም የስራው ግማሽ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ያሉት መጫወቻዎች ካርቶናቸው ላይ ሚፃፈውን አይታችሁ በዛው አፃፃፍ ሙሉት። ልጄ የፃፈው "በውስጡ ያለው፦ 1 ታንክ፣ 1 ስኒ ፈንዲሻ፣ 0 ጠላት። ባትሪ አይፈልግም" ይላል፣ 0 ጠላት ሚለውን ማንም አልነገረውም።

ምትተኩሱት ቡና ሲፈላ ነው። እኛ ቤት እጣኑ ሲጨስ ታንኩ ከጓዳ እየተገፋ ይመጣል፣ እናቴ ስኒዋን አስቀምጣ ነጠላዋን ትዘረጋለች፣ እሱ ይተኩሳል እሷ ትቀልባለች፣ ውደቂ ሚባል ነገር የለም፣ አንዴ እንደውም ራሷ ፊኛውን ስባ መልሳ ተኮሰችበት።

ፊኛው ቶሎ ይላላል፣ መለዋወጫ ያዙ። ፈንዲሻ ውስጡ አታሳድሩ፣ ጉንዳን ይገባበታል።