ጂንግዴዠን የሸክላ ሠሪ ቤት ሲገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቻይና ጂያንግሺ ግዛት የምትገኘው ጂንግዴዠን የፖርሴሊን (የነጭ ስስ ሸክላ) ከተማ ናት። የአሁኑን ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1004 ከሶንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት የዘመን ስያሜ ነው። ዛሬም በጠባብ መንገዶቿ ግራና ቀኝ የሸክላ ሠሪዎች ቤቶች ተደርድረዋል፤ ብዙዎቹም ጎብኚ ይቀበላሉ። ለትምህርት ወይም ለንግድ ቻይና የሚኖሩ ወገኖቻችን በፈጣን ባቡር ሊደርሱባት ይችላሉ። የሚያሳዝነኝ ብዙ ሰው እዚያ ድረስ ሄዶ ሲኒ ብቻ ገዝቶ መመለሱ ነው።

ሁሉንም አንድ ሰው ይሠራዋል ብሎ ማሰብ

ከስህተቶቹ ሁሉ ጉብኝቱን የሚያበላሸው ይህ ነው። የሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ሊቅ ሶንግ ዪንግሺንግ እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው ሥራ አንድ ዕቃ ተሠርቶ እስኪያልቅ 72 እጅ እንደሚያልፍ ጽፏል። ዛሬ ብቻቸውን ከጭቃ እስከ እሳት የሚሠሩ አርቲስቶች ቢኖሩም፣ በነባሩ ልማድ በመንኮራኩር ላይ ቅርጽ የሚያወጣው፣ የሚፍቀው፣ መስመር የሚስለው፣ በመስመሮቹ መካከል ቀለም የሚሞላው እና የመስታወት ልባስ የሚቀባው የተለያዩ ሰዎች ናቸው። እቶኑም ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ነው፤ ሠሪዎቹ ለዕቃቸው ቦታ ከፍለው ያስተኩሳሉ። ስለዚህ «ይህን ሁሉ እርስዎ ሠሩት?» ከማለት «የእርስዎ ሥራ የቱ ላይ ነው? ከዚህስ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ የጎረቤትን በር ያሳያል።

ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው በመንኮራኩር ላይ ጭቃ የሚያሾረውን ነው። እኔ ግን ፋቂውን ሳያዩ አይመለሱ እላለሁ። ከመንኮራኩር የወረደው ሳህን ግድግዳው ወፍራም ነው። ሲደርቅ ፋቂው እንደገና እያሾረ፣ ራሱ ሞርዶ በሚያዘጋጃቸው የብረት ቢላዎች ይልገዋል። በየመሀሉ በጣቱ ነካ ያደርግና ድምፁን ያዳምጣል፤ ምን ያህል ውፍረት እንደቀረ የሚያውቀው በጆሮው ነው። አንዴ አብዝቶ ከፋቀ ቢላው ግድግዳውን ይበሳዋል፤ የቀደመው ሰው ድካምም አብሮ ይጠፋል። ይህን ችሎታ ለማግኘት ዓመታት ይፈጃል፤ ስሙ ግን በዕቃው ላይ አይጻፍም። ሲያዩት ትንሽ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ የሚቦነው ደቃቅ አቧራ ሳንባን ይጎዳል።

ያልተተኮሰ ሸክላ መንካት

የደረቀ ጥሬ ሸክላ ጠንካራ ይመስላል እንጂ በቀላሉ ይፈረካከሳል። በተለይ በከንፈሩ ይዞ ማንሳት ጨርሶ አይሞከርም። ባይሰበር እንኳ ከእጅ የሚቀረው ቅባት ልባሱ በዚያ ቦታ እንዳይይዝ ያደርጋል፤ ጉዳቱም የሚታየው ከእሳት ከወጣ በኋላ ነው። የጀርባ ቦርሳዎን በር ላይ ያውርዱ። መንገድ ላይ ጥሬ ዕቃ የተደረደረበት ረጅም ጣውላ በትከሻው ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ካዩ ጥግ ይያዙ፤ አይጥሩት፣ ፎቶ ለማንሳትም ፊቱ አይቁሙ።

ባልተተኮሰው ላይ መፍረድ

ሰማያዊና ነጭ ዕቃ ለማዘዝ ሄደው ሠዓሊው ጥቁር ግራጫ በሆነ ነገር ሲስል ቢያዩ አይደንግጡ። ቀለሙ ኮባልት ከተባለ ማዕድን የተሠራ ነው፤ ሰማያዊ የሚሆነው በልባሱ ሥር፣ 1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ከተተኮሰ በኋላ ነው። ዕቃውም በእሳት ከመቶ 15 እስከ 20 ያህል ይኮማተራል። ስታዙ መጠኑን «ተተኩሶ ሲወጣ ይህን ያህል» ብላችሁ ተናገሩ።

ያለ ሰዓቱ መግባት

ቀትር የምሳና የዕረፍት ሰዓት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይሂዱ። ሠዓሊው ቀለም የተሞላ ብሩሽ ይዞ ከሆነ ብሩሹን እስኪያስቀምጥ ዝም ይበሉ።

ሳይጠይቁ ቪዲዮ መቅረጽ፣ የልባስ ቅመማ መጠየቅ

ፈረንሳዊው ካህን ፍራንሷ ግዛቪዬ ዳንትርኮል እ.ኤ.አ. በ1712 እና በ1722 በጻፏቸው ሁለት ደብዳቤዎች የከተማዋን አሠራር በዝርዝር ወደ አውሮፓ አስተላልፈዋል። ልባሱ ከምን ከምን እንደሚቀመም ማወቅ ግን ለብዙ ቤተሰብ እንጀራው ነው፤ ስለዚህ አይጠይቁ። የሠሪውን እጅ በቪዲዮ ለመቅረጽ ይፈቀድ ይሆናል፤ የልባሱን ባልዲና ማስታወሻ ደብተሩን ግን ይተዉ።

ሻዩን ትቶ መውጣት

ሸክላ ሠሪውን «ሺፉ» ብለው በአክብሮት ይጥሩት፤ ሻይ ሲቀዳልዎት በሁለት እጅ ይቀበሉ። ቡና ተፈልቶ ከአቦል በፊት ተነስቶ እንደሚሄድ እንግዳ አይሁኑ። ሥራ ላይ ሳለ ከማይናገረው ሰው ረጅሙ ጨዋታ የሚወጣው እዚህ ነው።

ከታች በተጻፈው ማኅተም መታለል

በሳህኑ ሥር የሚንግ ንጉሠ ነገሥት የሹዋንዴ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1426 እስከ 1435) ስም ቢያነቡ ዕቃው የዚያ ዘመን ነው ማለት አይደለም። የጥንቱን ስም በአዲስ ዕቃ ላይ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው፤ ሐቀኛ ሠሪም ሲጠየቅ ይናገራል። አንድ ሻጭ ግን «የሚንግ ነው» ብሎ በጥንታዊ ዕቃ ዋጋ ሊሸጥልዎ ቢሞክር አይግዙ። እ.ኤ.አ. እስከ 1911 የተሠሩ ቅርሶችን ከቻይና ማውጣት ሙሉ በሙሉ የተከለከለ ነው። በጥንታዊ አምሳል የተሠራ አዲስ ዕቃ ሲገዙም አዲስ መሆኑን የሚገልጽ ደረሰኝ ከሠሪው ያጽፉ፤ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ቢነሳ ያስፈልግዎታል።