ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩበትን አርቪ እንዴት እንደሚመርጡ

አሜሪካ ውስጥ የቤት ኪራይ በናረ ቁጥር በአርቪ፣ ማለትም መኝታና ወጥ ቤት ባለው ተንቀሳቃሽ የመኪና ቤት፣ ለመኖር የሚያስቡ ሰዎች ይበዛሉ። ከእኛም ወገን፣ በተለይ ኑሯቸው ከመንገድ ያልተለየ የከባድ መኪና ሾፌሮች ዘንድ፣ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን አብዛኛው አርቪ የተሠራው በበጋ ለጥቂት ሳምንታት ሽርሽር እንጂ ለዘወትር ኑሮ አይደለም። ሽርሽረኛው በዓመት ለጥቂት ቀናት የሚከፍተውን የቁም ሣጥን በር ነዋሪው በየቀኑ ደጋግሞ ይከፍተዋል።

ሻጩ ደግሞ በሩን ከፍቶ በቀጥታ ወደ ሶፋው፣ ወደ ምድጃውና ወደ ቴሌቪዥኑ ይወስድዎታል። እርስዎ ግን ውስጡን መጨረሻ ይዩት። መጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ ግድግዳው፣ ከዚያም ሥሩ ይታይ። ቤቱ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚወስኑት እነዚህ ናቸውና።

መጀመሪያ አኗኗርዎን ይወስኑ

አርቪ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ የራሱ ሞተር ያለውና የሚጎተተው። ሞተር ያለው ቶሎ ቶሎ ቦታ ለሚቀይር ሰው ይመቻል፤ ሆኖም ሞተሩ በተበላሸ ቀን ቤትዎም አብሮ ጋራዥ ይገባል። አንድ ቦታ ለወራት ለሚቀመጥ ሰው እኔ ተጎታቹን እመርጣለሁ። ከተጎታቾች መካከል አንገቱ በፒክአፕ ጀርባ ላይ የሚያርፈው ፊፍዝ ዊል ሰፊ ነው፤ መንገድ ላይም የተረጋጋ ነው። ነገር ግን ከባድ ስለሆነ ጠንካራ መኪና ይፈልጋል።

ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ ሊያርፉበት ያሰቡትን የአርቪ ፓርክ አስቀድመው ይጠይቁ። ብዙ የግል ፓርኮች ከ10 ዓመት በላይ ያስቆጠረ አርቪ አያስገቡም። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ተጎታች ዋጋው የረከሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

የዋስትናውን ወረቀት ከመግዛትዎ በፊት አስመጥተው ያንብቡ። ብዙ አምራቾች ዋስትናው ለመዝናኛ አገልግሎት ብቻ እንደሆነና በቋሚነት ለሚኖርበት ሰው እንደማይሠራ በግልጽ ይጽፋሉ። በኢንሹራንስ በኩልም ለቋሚ ነዋሪ የሚሸጥ የተለየ ውል አለ። ክፍያው ከፍ ይላል። ርካሹን ለማግኘት ብሎ አኗኗሩን የደበቀ ሰው ግን አደጋ በደረሰበት ቀን ካሳውን ሊከለከል ይችላል። እባክዎ እውነቱን ተናግረው ይግዙ።

ከዚያ ጣሪያው ላይ ይውጡ

የአርቪ ዋነኛ ጠላት ውኃ ነው። ቤቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ መጋጠሚያዎቹም ይላላሉ። በቀጭን ስንጥቅ የገባው ውኃ ከግድግዳው ጀርባ ተደብቆ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ከውጭ ምልክቱ ሲታይ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ ሥር ሰድዷል።

ስለዚህ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ይጠይቁ። ርካሹ አሠራር የእንጨት ማዕቀፍ ላይ ቀጭን የአሉሚኒየም ቆርቆሮ የተለበጠበት ነው። ለመጠገን ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ ፍሳሹን ይደብቃል። ሁለተኛው የአሉሚኒየም ማዕቀፍ፣ ፎም፣ ስስ ኮምፔንሳቶና ፋይበርግላስ በሙጫ ተጣብቀው የሚሠራው ልሙጥ ግድግዳ ነው። ሲታይ ያምራል፤ ውኃ ከገባው ግን ሙጫው ይለቅና ፋይበርግላሱ ያብጣል። ያንን ማደስ እጅግ ውድ ነው። እዚህ ላይ ሻጩን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ ከፋይበርግላሱ ጀርባ ያለው ኮምፔንሳቶ ነው ወይስ አዝዴል? አዝዴል እንጨት የሌለበት ሰሌዳ ስለሆነ አይበሰብስም። ሻጩ መልሱን ካላወቀ አምራቹን ጠይቆ እንዲያመጣልዎ ያድርጉ።

ሦስተኛው በቅርጽ የፈሰሰ ፋይበርግላስ ነው። የሚኒሶታው ስካምፕና የቴኔሲው ኦሊቨር በዚህ መንገድ የሚሠሩ ናቸው። መጋጠሚያቸው ጥቂት ስለሆነ ውኃ መግቢያ ቀዳዳውም ጥቂት ነው። ጠባብ ናቸው፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ግን ከሁሉም በላይ የምመርጠው ይህንን አሠራር ነው። በአሉሚኒየም አካሉ የታወቀው ኤርስትሪምም ጠንካራ ነው። ሆኖም አብዛኞቹ የቆዩ ኤርስትሪሞች ወለላቸው ኮምፔንሳቶ በመሆኑ በአካሉ ተማምነው ወለሉን ጥግ በጥግ ሳይረግጡ አይግዙ።

ወደ ምርመራው እንሂድ። አስፈቅደው በመሰላል ይውጡ። የአየር ማቀዝቀዣው፣ የአየር መውጫዎቹና አንቴናው ከጣሪያው ጋር በተጋጠሙበት ዙሪያ የተቀባውን ማሸጊያ ይዩት። የተሰነጠቀ ወይም ጫፉ የተነሳ ካለ ባለቤቱ አልተንከባከበውም ማለት ነው። የጣሪያውን ጠርዝ በመዳፍዎ ይጫኑት፤ ወደ ታች ከሰመጠ ሥሩ ያለው እንጨት ተበልቷል። ከዚያ ይውረዱና ጀንበር ስታዘቀዝቅ የእጅ ባትሪ ከግድግዳው ጋር አስጠግተው በአግድም ያብሩ። ቀን ላይ የማይታየው እብጠት በዚያ ብርሃን ጥላ ይጥላል።

ውስጥ ሲገቡ በሩን ዘግተው ያሽትቱ። የሻጋታ ሽታ ቢኖር፣ ወይም ሽታውን ለመሸፈን ሽቶ በብዛት ተረጭቶ ቢያገኙ ይጠርጥሩ። የታችኞቹን ቁም ሣጥኖች ሁሉ ይክፈቱ፤ የአልጋውን ሥር፣ የመስኮቶቹን ጥግ ይዳስሱ። እንጨት ላይ የሚወጋ ሹል ጫፍ ያለው የእርጥበት መለኪያ በርካሽ ይገዛል። እንጨቱ ላይ ከ20 በመቶ በላይ ካነበበ ይተዉት። ከከባድ ዝናብ ማግስት ቢሄዱ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ስላይድ ስለሚባለው፣ ወደ ውጭ ስለሚገፋው ክፍልም ልናገር። ቤቱን ያሰፋል፤ ግን እያንዳንዱ ስላይድ ግድግዳው ላይ የተቆረጠ ትልቅ ቀዳዳ ነው። አራት ስላይድ ካለው ቤት ይልቅ አንድ ወይም ሁለት ያለው ለነዋሪ ይሻላል። ሲወጣና ሲገባ አጠገቡ ቆመው ያዳምጡ፤ ከተንቋቋ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው ከቀደመ ችግር አለበት።

ሥሩን ይዩ፣ ክብደቱን ያስሉ

የአሜሪካ አርቪዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት ኢንዲያና ውስጥ በኤልክሃርትና በአካባቢዋ ነው። ስማቸው የተለያየ ብዙ ምርቶች ሻሲያቸውን የሚያገኙት ከአንድ አቅራቢ ነው፤ ስለዚህ በስም ብቻ አይመኑ። ምንጣፍ አንጥፈው ይተኙና ብየዳውን በተለይም መጎተቻው አካባቢ ስንጥቅ እንዳለ፣ ባሌስትራው እንደዛገ፣ ጎማው ባንድ ወገን ብቻ እንደተበላ ይመልከቱ። ጎማው ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ። 2321 ከሆነ በ2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የጎማው ጥርስ አዲስ ቢመስልም ከስድስት ዓመት በላይ ካስቆጠረ የአዲስ ጎማ ዋጋ ከመሸጫው ላይ ይቀነስልዎ።

አሁን ወረቀትና እርሳስ ያውጡ። አካሉ ላይ በተለጠፈው መለያ ላይ ጂ.ቪ.ደብሊው.አር. (GVWR) የሚለው ቤቱ ከነጭነቱ ሊመዝን የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት ነው። ይህ 10,000 ፓውንድ ቢሆንና ባዶው ቤት 8,300 ቢመዝን ለእርስዎ የቀረዎት 1,700 ነው። አንድ ጋሎን ውኃ 8.3 ፓውንድ ይመዝናል፤ 50 ጋሎን ሲሞሉ 415 ፓውንድ ሄደ። በቀረው ላይ ልብስ፣ ዕቃ፣ መሣሪያ፣ ተጨማሪ ባትሪ፣ የጤፍ ዱቄት፣ የዓመት በርበሬና ሽሮ ይጫናል። ለሽርሽር የሚበቃው ልዩነት ለኑሮ ይጠባል። ፊፍዝ ዊል ከሆነ ከክብደቱ 20 በመቶ ያህሉ ፒክአፑ ላይ ያርፋል። ባለ 14,000 ፓውንዱ 2,800 ያህሉን ይጭንበታል ማለት ነው፤ ግማሽ ቶን የሚባሉት ቀለል ያሉ ፒክአፖች አብዛኞቹ ይህን አይችሉም። የከባድ መኪና ሾፌሮች በሚያውቋቸው፣ ካት በሚባሉት የተሽከርካሪ ሚዛኖች ላይ በጥቂት ዶላር ማስመዘን ይቻላል።

ኤሌክትሪኩንና ወጥ ቤቱን በራስዎ ኑሮ ይለኩ

ባለ 30 አምፔር አርቪ በ120 ቮልት ከ3,600 ዋት በላይ አይሸከምም። 1,500 ዋት የሚወስደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 12.5 አምፔር ይጎትታል። የአየር ማቀዝቀዣው 13 ያህል፣ የውኃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ሲሠራ ሌላ 12 ያህል ይጨምራል። ሦስቱ በአንድ ጊዜ ከ37 አምፔር ያልፋሉ፤ ብሬከሩ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይወርዳል። ባለ 50 አምፔሩ ግን ሁለት መስመር ስላለው እስከ 12,000 ዋት ይሸከማል። እንጀራ ቤቱ ውስጥ ለሚጋግር ቤተሰብ ምርጫው ግልጽ ነው።

ከምድጃው በላይ ያለውን የጭስ መሳቢያ ያብሩና ወደ ውጭ ዞረው አየር በእርግጥ መውጣቱን በእጅዎ ያረጋግጡ። አንዳንዶቹ ጭሱን አጣርተው እዚያው ቤት ውስጥ የሚመልሱ ናቸው። ሽንኩርት በሚቁላላበት፣ ቡና በሚቆላበት ጠባብ ቤት ይህ አይበቃም፤ ጣሪያው ላይ ጠንካራ ማራገቢያ ይኑር።

ብርድ፣ እንፋሎትና አየር

ባለ አራት ወቅት የሚለው ጽሑፍ የማስታወቂያ ቃል ነው፤ የሚለካበት ወጥ መስፈርት የለውም። እንደ ዴንቨርና ሚኒያፖሊስ ባሉ ከተሞች የሚከርም ሰው የማሞቂያው አየር ከወለሉ ሥር እስካሉት ታንኮችና ቱቦዎች መድረሱን፣ የቤቱ ሆድ ከሥር መሸፈኑን፣ መስኮቱም ድርብ መሆኑን ይጠይቅ። ድርብ ካልሆነ የወጡ እንፋሎትና የትንፋሽዎ እርጥበት መስኮቱ ላይ ውኃ ሆኖ ይወርድና ከውስጥ ሻጋታ ያበቅላል።

የአዲስ አርቪ ሽታን አይናቁት። በ2005 ካትሪና ከተባለው አውሎ ነፋስ በኋላ መንግሥት ለተፈናቃዮች በሰጣቸው ተጎታቾች የኖሩ ሰዎች በራስ ምታትና በአተነፋፈስ ችግር አማረሩ። በ2008 ይፋ በሆነው ምርመራም ፎርማልዴሃይድ የተባለው ጎጂ ጋዝ ከተለመደው ቤት በላይ ተገኘ። ምንጩ የተጨመቀ እንጨት ሙጫ ነው። ዛሬ አሜሪካ ለዚህ እንጨት የልቀት ገደብ አላት። እንዲያም ሆኖ አዲስ ቤት ከመግባትዎ በፊት መስኮቱን ከፍተው በደንብ ያናፍሱት፤ በተለይ ሕፃናት ካሉ።

አስመርምረው፣ አድረውበት ይክፈሉ

በሩ አጠገብ የሚለጠፈው የአርቪ ኢንዱስትሪ ማኅበር ምልክት ስለ ኤሌክትሪክ፣ ጋዝ፣ ቧንቧና እሳት ደኅንነት መስፈርት እንጂ ስለ ቁም ሣጥኑ ጥንካሬ አይናገርም። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው መርማሪ ይቅጠሩ። በአገር አቀፉ የአርቪ መርማሪዎች ማኅበር የተመሰከረላቸው አሉ። 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የተሽከርካሪ መለያ በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብተው አምራቹ በጉድለት ምክንያት ለጥገና ጠርቶት ገና ያልተስተካከለ ነገር እንዳለ ይፈትሹ።

ከተቻለ ከመረከብዎ በፊት ውኃና ኤሌክትሪክ ተገናኝቶለት ሻጩ ግቢ ውስጥ አንድ ሌሊት እንዲያድሩበት ይጠይቁ። ማሞቂያውን ያብሩ፣ ገላዎን ይታጠቡ፣ ወጥ ይሥሩ፣ ሁሉንም መሳቢያ ይክፈቱ። ነዋሪ ለሆነ ሰው ቤቱ ለጥገና ተመልሶ ሳምንታት ከቆየ ማደሪያ የለውም፤ የጥገና ሰልፍም ረጅም ነው። ያገኙትን ጉድለት በዝርዝር ይጻፉ፣ ሻጩ ይፈርምበት፣ ተጠግኖ በዓይንዎ እስኪያዩ ድረስ የመጨረሻውን ክፍያ ይያዙ።