የመኪና አደጋ ካሳ ይግባኝ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ሰነዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ቢሮ መጡ። ባለቤታቸውን ሚኒባስ ገጭቶ ገድሎባቸዋል። ሥር ፍርድ ቤት ካሳ ፈርዶላቸው ነበር። ግን "ሟችም 50 በመቶ ጥፋት አለበት" ብሎ ግማሹን ቀነሰው። ይግባኝ አሉ። ማመልከቻውን ተቀብዬ አነበብኩት። ስድስት ገጽ ነው። ስለ 50 በመቶው የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ "የተወሰነው ገንዘብ አነሰ" የሚል ነው። ይግባኙ መልስ ሰጭ እንኳ ሳይጠራ ተዘጋ።

እንዲህ ያለ መዝገብ ሳይ የመጀመሪያዬ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ብሩ ላይ መከራከር፣ መቶኛውን መርሳት

በቅድሚያ ሒሳቡን እንየው። ፍርድ ቤቱ ጠቅላላ ጉዳቱን 600,000 ብር ገመተው እንበል። ተጎጂው ግማሽ ጥፋት አለበት ካለ እጃችሁ የሚገባው 300,000 ብር ነው። ይግባኝ ብላችሁ ግምቱን በ50,000 ብር ብታስጨምሩ፣ ከዚያ ውስጥ የምታገኙት 25,000 ብቻ ነው። ግምቱን ሳትነኩ የተጎጂውን ድርሻ ከ50 ወደ 20 በመቶ ብታወርዱት ግን የሚደርሳችሁ 480,000 ብር ይሆናል።

የገንዘቡን ግምት ይግባኝ ሰሚ ችሎት እንዲሁ በቀላሉ አይነካውም። የሥር ዳኛው የቱን ማስረጃ እንዳለፈው፣ ወይም የት ላይ ሲደምር እንደተሳሳተ ማሳየት አለባችሁ። "አነሰ" ማለት ብቻውን ቅሬታ አይሆንም። መቶኛው ግን የሕግ መለኪያ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2098 ጉዳቱ በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ከሆነ ካሳውም በከፊል ነው ይላል። ቀጥሎ ዳኛው ምን ምን ማየት እንዳለበት ይነግረዋል፦ የጥፋቶቹን ክብደት፣ እና እያንዳንዱ ጥፋት ለጉዳቱ መድረስ ምን ያህል አስተዋጽኦ እንዳደረገ።

ልብ በሉ፣ ጥያቄው ሁለት ነው። ብዙ ውሳኔ ግን "ተጎጂው ከዜብራ ውጭ ተሻግሯል" ይልና ቀጥታ 50 በመቶ ላይ ያርፋል። ዜብራ አለመጠቀሙ ለግጭቱ ምን አደረገ? መኪናውስ? ይህ አልተመለሰም። ይግባኛችሁ መግባት ያለበት እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ደንብ መጣስና ጉዳት ማድረስ አንድ አይደሉም። ያለ መንጃ ፈቃድ የሚነዳ ሞተረኛ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ መኪና ከኋላ መጥቶ ቢገጨው፣ ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳቱ ጥፋት ነው፣ አያከራክርም። ለግጭቱ ግን ያዋጣው ነገር የለም። ቢቀጣ በደንብ መተላለፍ ይቀጣ። ከካሳው ላይ የሚቀነስበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላው የሚያናድደኝ ደግሞ ይህ ነው። የከሳሽ ወገን ጉልበቱን ሁሉ "ሹፌሩ አጥፍቷል" የሚለውን በማስረዳት ይጨርሳል። ይህን ማስረዳት ለኃላፊነቱ አያስፈልግም እኮ! በቁጥር 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። በቁጥር 2086 ደግሞ "እኔ አላጠፋሁም" ወይም "የአደጋው መንስኤ አልታወቀም" ማለት አያድነውም። የሚያድነው ወይም የሚያቀልለት የተጎጂው ጥፋት ነው። ስለዚህ የተከሳሽ ጠበቃ ያለ የሌለ ኃይሉን እዚያ ላይ ያፈሳል። የከሳሽ ወገን እዚያ ቦታ ላይ የለም። የሹፌሩ ፍጥነት የሚጠቅማችሁ የሁለቱን ጥፋት ክብደት ስታመዛዝኑ ነው። እዚያ ቦታ ላይ አስቀምጡት።

ፕላኑን አለማንበብ

ትራፊክ ፖሊስ አደጋው ቦታ ደርሶ የሚያነሳው ፕላን መዝገቡ ውስጥ አለ። ብዙ ሰው ጽሑፉን ያነባል፤ ሥዕሉን አያይም።

አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ተገጩ። እግራቸው ተቆረጠ። ዜብራው 70 ሜትር ያህል ርቆ ነበርና ሥር ፍርድ ቤት ግማሹን ጥፋት ለእሳቸው ሰጠ። ይግባኙን እኔ ያዝኩት። ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ማስመሪያ ይዤ ቁጭ አልኩ። የአስፋልቱ ስፋት 10 ሜትር ተኩል። ሽማግሌው የሚሻገሩት ከግራ ወደ ቀኝ ነው። የተገጩበት ነጥብ ከቀኙ የእግረኛ መንገድ 1 ሜትር ከ40 ይርቃል። እንግዲህ አስፋልቱን ሊጨርሱ ምንም አልቀራቸውም። ዘጠኝ ሜትር ያህል በሹፌሩ ፊት ተራምደዋል። የፍሬኑ ምልክት የሚጀምረው ደግሞ ከተገጩበት ነጥብ አልፎ ነው። ሹፌሩ ፍሬን የያዘው ከገጨ በኋላ ነው ማለት ነው። ከዳር የመብራት ምሰሶ ተሥሏል፤ የትራፊኩ ሪፖርትም መብራቱ ይሠራ እንደነበር ይናገራል።

አዲስ ማስረጃ አላቀረብኩም። ሁሉም መዝገቡ ውስጥ ነበር። ቅሬታዬ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ይግባኝ ሰሚው የሽማግሌውን ድርሻ ወደ 20 በመቶ አወረደው።

ፕላኑን አንብቡት። በሜትር አንብቡት።

"በወንጀል ነጻ ወጥቷልና አለቀ" ማለት

አላለቀም። ቁጥር 2149 የፍትሐ ብሔር ችሎት በወንጀል ችሎት የነጻ ውሳኔ እንደማይገደድ በግልጽ ይናገራል።

ሁለት መኪና ሲጋጭ ትራፊኩን ብቻ መተማመን

በቁጥር 2084 መሠረት ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ መነሻው እኩል ነው፦ ሁለቱም ለአደጋው እኩል እንዳበረከቱ ይገመታል። ግምቱን የሚያፈርሰው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሹፌር ጥፋት እንደደረሰ የሚያስረዳ ማስረጃ ነው። "ትራፊኩ እሱን ጥፋተኛ ብሎታል" የምትል አንዲት መስመር ይዘው ይግባኝ የሚመጡ አሉ። የትራፊኩ አስተያየት ማስረጃ ነው፣ ፍርድ አይደለም። የደረሰበትን ምክንያት አብራችሁ አሳዩ።

ቀን መቁጠር

ይህ ላይ እኔም ወድቄያለሁ። የይግባኝ ጊዜው 60 ቀን ነው። የሚቆጠረውም ከፍርዱ ቀን ጀምሮ ነው። በጀማሪነቴ የውሳኔውን ግልባጭ ከወሰድኩበት ቀን ቆጠርኩ። መዝገብ ቤት ግልባጩን ለመስጠት ሦስት ሳምንት ወስዶ ነበርና ልቤን ጥዬ ተቀመጥኩ። ስቀርብ አልፏል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ይግባኙ እንዲፈቀድልኝ የማስፈቀጃ ማመልከቻ ጻፍኩ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ደግሞ የጠበቃ ወይም የወኪል ጥፋት በቂ ምክንያት እንደማይሆን አስቀድሞ ዘግቶታል። ደንበኛዬ አንድ እጁን ያጣ አናጺ ነበር። ያን ቀን ምን ብዬ እንደነገርኩት እስካሁን አልረሳውም።

ስለዚህ ፍርዱ በተነበበ ዕለት ግልባጩን በጽሑፍ ጠይቁ። የጠየቃችሁበትንና የተሰጣችሁበትን ቀን የሚያሳይ ማረጋገጫ ያዙ። 60ኛውን ቀን ግን ከፍርዱ ቀን ቆጥራችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ይግባኝን እንደ አዲስ ክስ ማየት

ሥር ያልተነሳ ፍሬ ነገር ይግባኝ ላይ አይነሳም። ተጨማሪ ማስረጃም የሚቀበሉት ከስንት አንድ ነው። በጣም የሚያሳዝነኝ የሕክምና ቦርድ ጉዳይ ነው። የመሥራት አቅሙ በስንት በመቶ እንደቀነሰ ቦርዱ ሳይወስን ክሱ ይጀመራል፣ ሥር ፍርድ ቤት "አልተረጋገጠም" ይላል፣ የቦርዱ ወረቀት ይግባኝ ላይ ብቅ ይላል። ያኔ በጣም ረፍዷል። ከዘገየ ሥር ፍርድ ቤት እያለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲመጣ ጠይቁ። ትእዛዙ ከተከለከላችሁ ራሱ ክልከላው የይግባኝ ነጥብ ይሆናል።

ገቢም እንደዚያው። የቀን ሠራተኛ የደመወዝ ወረቀት የለውም። እና ምን ይሁን? አብረውት የሚሠሩ ሰዎች በስንት ብር እንደሚውል ይመስክሩ። ትክክለኛው መጠን ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ብሎ ባመነበት መጠን፣ እንዲወስን ቁጥር 2102 ሥልጣን ይሰጠዋል። ይህን ሥር ካልጠየቃችሁ ይግባኝ ላይ "በርትዕ" ብሎ መጮህ ዋጋ የለውም። 9 በመቶው ሕጋዊ ወለድም ካልተጠየቀ የሚሰጣችሁ የለም።

የሞራል ካሳ ላይ ሦስት ገጽ መጻፍ

ጣሪያው 1,000 ብር ነው። ሕጉ ከወጣ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አልተለወጠም። የሕይወት ዋጋ ይህ መሆኑ ያማል፣ መለወጥም አለበት። ግን የእናንተ ይግባኝ አይለውጠውም። አንድ መስመር ይበቃል።

ማን ይጠይቅ?

ሰው ከሞተ በቁጥር 2095 መጠየቅ የሚችሉት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ወደ ላይ የሚቆጠሩ፣ ልጆችና ወደ ታች የሚቆጠሩ ናቸው። እህትና ወንድም የሉበትም። ሟች ያስተምራት የነበረች ታናሽ እህት ብቻዋን ከሳ፣ እናትየዋ ገጠር ተቀምጠው ያላወቁበት መዝገብ አጋጥሞኛል። ክሱን ማቅረብ ያለባቸው እናትየዋ ነበሩ።

የለቅሶ ቤት ፊርማ

ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ሟች ተቀብሮ ሰልስት ሳይወጣ ሽማግሌ ይመጣል። የሹፌሩ ቤተሰብ አብሮ ይመጣል። "እሱም የልጆች አባት ነው፣ ሆን ብሎ አላደረገው" ይባላል። እውነት ነው፣ ሆን ብሎ አላደረገውም። ይቅር ማለት ትልቅ ነገር ነው፣ እኔ ማንንም ይቅር አትበሉ አልልም። ግን ለቀብር ወጪ ተብሎ ጥቂት ገንዘብ ይሰጥና ወረቀት ይወጣል። "ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለንም" ይላል። ያለቀሰ ሰው አያነብም፤ ይፈርማል።

ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ያ ወረቀት ከተከሳሽ መልስ ጋር ተያይዞ ታገኙታላችሁ። በሕጋችን እርቅ በተስማሙት ሰዎች መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ነው። ይግባኝ ላይ እሱን መንቀል በጣም ከባድ ነው። ሞክሬ አንድ ጊዜ ተሳክቶልኛል። የተሳካውም ፈራሚው አጎት ስለነበረና ከሚስትየዋም ከልጆቹም ውክልና ስላልነበረው ነው።

ብትቀበሉ ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይጻፍ፦ "ይህ ገንዘብ ለቀብር ወጪ የተሰጠ እርዳታ ነው። በወንጀሉ ይቅርታ አድርገናል። ካሳ የመጠየቅ መብታችንን አልተውንም።" ሽማግሌዎቹ ቅን ከሆኑ አይከፋቸውም። ከከፋቸው ደግሞ ለምን እንደመጡ አወቃችሁ።

መስቀለኛ ይግባኝን መዘንጋት

የመኪናው ባለቤት ካሳው ይቀነስልኝ ብሎ ይግባኝ ሲል ብዙዎች መልስ ብቻ ይሰጣሉ። መቶኛው ጎድቷችሁ ከሆነ በዚያው መዝገብ የራሳችሁን ይግባኝ፣ መስቀለኛ ይግባኝ የሚባለውን፣ ማቅረብ ትችላላችሁ። በተቃራኒውም አስቡት፦ እናንተ ለጥቂት ጭማሪ ይግባኝ ስትሉ የተኛውን ሰው ልትቀሰቅሱት ትችላላችሁ። 10 በመቶ ብቻ የተቀነሰበት ደንበኛ ይግባኝ ልበል ሲለኝ አብዛኛውን ጊዜ ተው እለዋለሁ።

ሰበር መቶኛውን እንደገና ይለካልኛል ብሎ ማሰብ

ሰበር ሰሚ ችሎት የሚያርመው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ነው። "30 መሆን ሲገባው 50 ሆነ" ብላችሁ ከሄዳችሁ የፍሬ ነገርና የማስረጃ ምዘና ነው ተብሎ ይመለሳል። "2098 ያዘዘውን መለኪያ ሳይጠቀም መቶኛ ቆረጠ" ካላችሁ ግን የሕግ ጥያቄ ነው። ለዚህም ቢሆን ነጥቡ ከይግባኙ ጀምሮ መነሳት ነበረበት።

ኢንሹራንስ ሁሉን ይከፍላል ብሎ መተኛት፣ መኪናውን አለማሳገድ

የሦስተኛ ወገን መድን ጣሪያ አለው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሞትና ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር ነበር። የእናንተን የሚመለከተው አደጋው በደረሰበት ቀን የነበረው ጣሪያ ነውና እሱን ፈልጉ። ከጣሪያው በላይ ያለው ከባለቤቱ ኪስ ነው የሚወጣው። የባለቤቱ ኪስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያቺው መኪና ናት።

ክሱን ባቀረባችሁ ዕለት መኪናዋ እንዳትሸጥ እንዳትለወጥ የእግድ ትእዛዝ ጠይቁ፣ ትእዛዙም ሰሌዳውን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት መድረሱን በአካል ሄዳችሁ አረጋግጡ። ከተፈረደላችሁ በኋላም ይግባኝ ስለተባለ ብቻ አፈጻጸም አይቆምም። አፈጻጸሙን የሚያግድ ትእዛዝ እስካልደረሳችሁ ድረስ የአፈጻጸም መዝገብ ክፈቱ። በፌስታል ሰነድ ይዘው የመጡት እናት ይህን አላደረጉም ነበር። ከተፈረደላቸው ላይ እስካሁን የወሰዱት ኢንሹራንሱ የከፈለውን ብቻ ነው። ሚኒባሷ በእነዚህ ወራት ውስጥ በሌላ ሰው ስም ዞራ፣ ዛሬም እዚያው መስመር ላይ ትሠራለች። እሳቸው በየቀኑ ያዩዋታል።