ማን ጣለ? ቆሻሻ አጣጣላችንን በደብተር ማጥናት

«ሕዝቡ መጣል ይወዳል» ሲሉኝ አንዲት ጥያቄ አለችኝ፤ ከስንቱ ስንቱ? ይህን ለማወቅ እስክሪብቶና ደብተር ይበቃል።

አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ። እኔ የመገናኛን የታክሲ ሰልፍ እወዳለሁ። ሰው እስኪደርሰው ለውዙን ይቆረጥማል፣ ማስቲካ ይልጣል፣ ሃይላንዱን ይጨርሳል። ታክሲው ሲመጣ እጁ ላይ የቀረውን አንድ ነገር ያደርገዋል። ያቺን ቅጽበት ጠብቁ።

መሬት ላይ ያለውን ቆሻሻ መቁጠር ብዙም አይጠቅምም። እሱ የሚናገረው ስለ ጠራጊዎቹ ጉብዝና ነው። የሚጣል ነገር የያዘውን ሰው ሁሉ ቁጠሩ፦ መሬት የጣለ፣ መጣያ ውስጥ የከተተ፣ ኪሱ ያስገባ። ኪሳቸው የሚያስገቡትን ማንም አይቆጥራቸውም፤ እኔ ደግሞ በጣም ነው የምወዳቸው። ከጎኑ ሰዓቱን፣ መጣያው በስንት እርምጃ እንዳለ፣ ሞልቶ እንደሆነና መሬቱ ቀድሞ ቆሽሾ እንደነበር ጻፉ።

«ጣለ» የሚባለው ማን እንደሆነ ቀድማችሁ ተስማሙ። ጠርሙሱን አጥር ላይ አስቀምጦ የተሳፈረስ? እኔ ጋ ጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የግሮኒንገን፣ ኔዘርላንድስ ጥናትም እንዲሁ ጥብቅ ነበር። አጥኚዎቹ በቆሙ ብስክሌቶች እጀታ ላይ ወረቀት አሰሩ። ወረቀቱን ሌላ ብስክሌት ላይ ያንጠለጠለ ሰውም እንደጣለ ተቆጠረ። ብስክሌቶቹ አጠገብ ያለው ግድግዳ ንጹህ ሳለ 33 በመቶው ጣሉ። ግድግዳው ሲሞነጫጨር 69 በመቶ ደረሰ! በአካባቢው መጣያ አልነበረም፤ የተለወጠው ግድግዳው ብቻ ነው።

ከጓደኛ ጋር ለየብቻ ቆጥራችሁ አስተያዩ። ቁጥራችሁ ከተራራቀ ትርጉማችሁ ገና አልጠራም ማለት ነው። ፎቶ አታንሱ፣ ማንንም አትቆጡ። ደንብ አስከባሪ በአካባቢው ካለ እሱንም መዝግቡ፤ ዩኒፎርም ሲታይ ሁሉም ጨዋ ነው። ሰዎችን መጠየቅ ይቻላል፤ ግን መልሱን ከቆጠራው ጋር አትቀላቅሉ። «እኔ ጥዬ አላውቅም» የማይል የለም።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ለምሳሌ መጣያውን ሰው ወደሚሳፈርበት ጫፍ አምጡና በዚያው ቀንና ሰዓት እንደገና ቁጠሩ። ምንም ያልተነካ ሌላ ሰልፍም ጎን ለጎን ይቆጠር፤ አለበለዚያ ዝናብ ያመጣውን ለውጥ የእናንተ ታደርጉታላችሁ። መጣያውን ከማዛወራችሁ በፊት ግን ማን እንደሚያራግፈው ከጠራጊዎቹ ጋር ተነጋገሩ። ሞልቶ ከፈሰሰ የምታጠኑት የሞላ መጣያ ነው።