«ስሌይት» ሁልጊዜ ሰሌዳ አይደለም

የጀማሪ ተርጓሚዎችን ሥራ ሳርም በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ደጋግሜ እበሳጫለሁ። ስሌይት። መዝገበ ቃላት ይገልጣሉ፣ «ሰሌዳ» ይላል፣ ሰሌዳ ብለው ያልፋሉ።

ከሁሉ የሚከፋው «ክሊን ስሌይት»ን «ንጹሕ ሰሌዳ» ማለት ነው። ድሮ እንግሊዝ አገር መጠጥ ቤቶች የደንበኛን ዱቤ ስሌይት በሚባል ጥቁር ድንጋይ ገበታ ላይ በጠመኔ ይይዙ ነበር። ሲከፍል ይጠፋለታል። ዕዳው ተነሣ ማለት ነው። በአማርኛ «ሰሌዳው ጸዳ» ብትሉ ግን አስተማሪ ዳስተር ያነሣ ነው የሚመስለው። እንደ አገባቡ «ያለፈው ይለፍ» ወይም «ከሀ ጀመረ» በሉ።

አሜሪካ ውስጥ «ክሊን ስሌይት» ተብለው የሚጠሩ ሕጎች አሉ። ቀዳሚዋ ፔንሲልቬኒያ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2018። የአንዳንድ ጥፋቶች መዝገብ ጊዜው ሲደርስ ያለ ማመልከቻ ከሕዝብ ዕይታ ይሸፈናል። ስለ እንዲህ ያለ ሕግ የሚያስረዳ ወረቀት ስተረጉም እኔም «የንጹሕ ሰሌዳ ሕግ» ብዬ ጽፌያለሁ። አንድ ታክሲ የሚነዱ አባት ወረቀቱን ይዘው መጡ። ጣታቸውን ቃሉ ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ የመኪናዬ ሰሌዳ ምን ሆነ ነው የሚሉት?» አሉኝ። ወረቀቱ የሚመለከተው ግን በቆየ ጥፋት ሥራ የተከለከለ ልጃቸውን ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አሁን «የወንጀል መዝገብን ከሕዝብ የሚሸፍን ሕግ» ብዬ ነው የምጽፈው። «ይሰረዛል» አትበሉ። ፖሊስና ፍርድ ቤት አሁንም ያዩታል።

በምርጫ ዜና ስሌይት አብረው የቀረቡ እጩዎች ናቸው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ላይ ሲደርስ «ስሌይት ኦቭ ኤሌክተርስ»ን «የመራጮች ዝርዝር» ካላችሁ አንባቢ ድምፅ ለመስጠት የተመዘገበው ሕዝብ ይመስለዋል። የሚወራው በግዛታቸው ስም ለፕሬዚዳንቱ ድምፅ ስለሚሰጡት፣ በድምሩ 538 ስለሆኑት ወኪል መራጮች ነው፤ ፓርቲዎች በየግዛቱ ስለሚያቀርቧቸው ሰዎች።

«ስሌይትድ» ላይ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እዩ። «ፎር» ወይም «ቱ» ካለ ቀን ተቆርጦለታል፣ ታስቦለታል ማለት ነው። የእንግሊዝ ጋዜጣ ሃያስያን ፊልሙን ስሌይት አደረጉት ካለ ግን ክፉኛ አብጠልጥለውታል። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ የተብጠለጠለ ቴአትርን «በቅርቡ ለዕይታ ይበቃል» ብሎ አምጥቶልኛል። ያነበበው ሁሉ የአሜሪካ ዜና ስለነበር አልፈርድበትም።

ለትወና ፈተና ቀርባችሁ «ስሌይት» ካሏችሁ ካሜራውን እያያችሁ ስማችሁን ተናገሩ።

ድንጋዩን ባልጩት አትበሉት፤ ሌላ ነው። ስሌይት በግፊትና በሙቀት የተለወጠ የጭቃ ድንጋይ ነው። ስስ ስስ ሆኖ ስለሚሰነጠቅ በዌልስ ለቤት ክዳን ይሆናል።

በፊደላችን «ስሌት» ብላችሁም አትጻፉት። ስሌት ሒሳብ ነው። «የስሌት ጣሪያ» ሲባል አንባቢ የሚያስበው የወጪ ገደብ ነው፣ የዌልስን ቤት አይደለም። እዚህ ሁሉ «ስሌይት» እያልኩ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።