ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ የተጫነን ክራክ ዊንዶውስ ወደ ኦርጅናል እንዴት እንመልሳለን?

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከደሴ ሐረጎን ወርዳ ኮምቦልቻ እኔ ጋ መጣች። አካውንቲንግ ተማሪ ናት። ቦርሳዋ ውስጥ ያገለገለ ዴል ላፕቶፕ ይዛለች። ከገዛችው ልክ ስድስት ወር ሲሆነው ስክሪኑ ታች በቀኝ ጥግ ላይ ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ መጣባት፤ ዊንዶውሱን አክቲቬት አድርጊ፣ ማለትም ፈቃዱን አረጋግጪ ይላል። የገዛችበት ሱቅ ወስዳ ስታሳያቸው "ቀላል ነው" ብለው አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ክራክ (ያለ ፈቃድ ዊንዶውሱን በማጭበርበር የሚከፍት ፕሮግራም) ጫኑላትና ጽሑፉ ጠፋ። በሳምንቱ ግን ፍላሽ በሰካች ቁጥር ፋይሎቿ ወደ ሾርትከት ይቀየሩ ጀመር። የመመረቂያ ጽሑፏ ያለው እዚያ ላፕቶፕ ላይ ነው። "ጋሼ፣ ኦርጅናሉን ለመግዛት ስንት ብር ያስፈልገኛል?" አለችኝ።

ምንም አላስፈለጋትም። ኦርጅናሉ ድሮም ላፕቶፑ ውስጥ ነበር፤ ሻጮቹ በላዩ ላይ ክራክ ጭነውበት ነው። ይሄ የእሷ ብቻ ዕጣ አይደለም። ብዙ ሱቆች አንድ ሃርድ ዲስክ አሰናድተው ለሁሉም ላፕቶፕ ይገለብጡታል፤ የትኛው ማሽን የራሱ ፈቃድ እንዳለው አያዩም። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁም፣ ሌላ ክራክ ከመጫናችሁም በፊት ከታች ያለውን አድርጉ።

መጀመሪያ ምን እንደተጫነ እዩ

ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ አክቲቬሽን የሚለውን ፈልጉ። ዊንዶውስ 11 ላይ ሲስተም ስር ነው፣ 10 ላይ ደግሞ አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ ስር። እዚያ የተጻፈውን አንብቡት። በድርጅታችሁ የአክቲቬሽን አገልግሎት ነው የተከፈተው የሚል ከሆነ፣ ላፕቶፑ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ሳይሆን የግላችሁ ከሆነ፣ ያ ክራክ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላም ማጣሪያ አለ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ አር ተጫኑ፣ ትንሽ ሳጥን ትከፈታለች። እዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ኤስ፣ ኤል፣ ኤም፣ ጂ፣ አር ጻፉ። አንድ ክፍተት ስጡ። ቀጥሎ ወደ ቀኝ ያዘመመውን ሰረዝ፣ ከእሱ ጋር ሳትለያዩ ኤክስ፣ ፒ፣ አር። ከዚያ ኢንተር። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ መልእክት ይመጣል። "ፐርማነንትሊ" የሚል ቃል ካለበት ቋሚ ነው። የሚያበቃበት ቀን ተቆርጦ ከመጣ ግን ለድርጅቶች በተሠራው መንገድ የተከፈተ ነው፤ ያ መንገድ በየ180 ቀኑ መታደስ አለበት። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ስድስት ወር ሲሞላው ለምን እንደጮኸ አሁን ገባችሁ? ቋሚ የሚለውም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ አንዳንድ ክራክ እሱንም ያስመስላል። ለዚህ ነው ማሽኑን ራሱን የምናየው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር። ዊንዶውስ ሴኩሪቲን (የዊንዶውስን የራሱን ጸረ ቫይረስ) ክፈቱና ከቫይረስ ፍተሻ ውጪ እንዲሆኑ የተመዘገቡትን፣ ኤክስክሉዥንስ የሚለውን ዝርዝር እዩ። የእሷ ላፕቶፕ ላይ ሙሉው ሲ ድራይቭ ተመዝግቦ አገኘሁት። ማለትም ጠባቂው በሩ ላይ ቆሟል፣ ግን ቤቱን አትይ ተብሏል። ክራኩ እንዲሠራ ብለው ያደረጉት ነው፤ የሾርትከት ቫይረሱም በዚያው በር ገባ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣኝ ይሄ ነው። ሕጉ ራሱ አንድ ነገር ነው፣ የእኛው አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ ግን የአራት ዓመት ድካሟን የያዘች ልጅ ሳታውቀው በሯ ተከፍቶ ሲያድር በጣም ያማል።

ቀጥሎ የማሽኑን የራሱን ቁልፍ ፈልጉ

ላፕቶፑን ገልብጡት። ባትሪው የሚነቀል ከሆነ ነቅላችሁ ከስሩም እዩ። 25 ፊደልና ቁጥር ያለበት የዊንዶውስ 7 ወረቀት ከተለጠፈ አሮጌ ማሽን ነው። በዚያ ቁልፍ ዊንዶውስ 10ን መክፈት ድሮ ይቻል ነበር፤ ማይክሮሶፍት ግን በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዘግቶታል።

ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የወጡት ላይ ወረቀቱ ቁልፍ የለውም። ቁልፉ ከፋብሪካ ሲወጣ ማዘርቦርዱ (የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ) ላይ ተጽፏል። ሃርድ ዲስክ ቢቀየር፣ አሥር ጊዜ ፎርማት ቢደረግ አይጠፋም። እሱን ለማንበብ ከማይክሮሶፍት ስቶር ሾውኪፕላስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርዱ። ስትከፍቱት ኦኢኤም ኪ የሚል መስመር አለ፤ ከማዘርቦርዱ ያገኘውን የሚያሳያችሁ እዚያ ነው። ለየትኛው ዊንዶውስ እንደሆነም ይነግራችኋል። የእኛው ላይ ዊንዶውስ 10 ሆም፣ ለቤት የተሠራው ዓይነት፣ ይላል። ሱቁ የጫነው ደግሞ ኢንተርፕራይዝ፣ ለድርጅቶች የተሠራው ዓይነት። ቁልፉና ዊንዶውሱ ስለማይገጥሙ ኦርጅናሉ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ፕሮ ይሻላል ብለው የሚከራከሩ አሉ፣ ለተማሪና ለቤት ግን ሆም ከበቂ በላይ ነው።

መስመሩ ባዶ ቢሆንም ተስፋ አትቁረጡ። ማሽኑ ድሮ በሕጋዊ መንገድ ወደ 10 አድጎ ከሆነ ፈቃዱ ማይክሮሶፍት ጋ በማሽኑ ስም ተመዝግቧል፣ ስትጭኑት ራሱ ያገኘዋል።

ፋይላችሁን አውጡ

ይሄን ክፍል እባካችሁ አትቸኩሉበት። ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንት፣ ዳውንሎድ፣ ፎቶ፣ እንዲሁም ዲ ድራይቭ ካለ እሱንም ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። የምታወጡት ጽሑፍ፣ ፎቶና ቪዲዮ ብቻ ይሁን። የፕሮግራም መጫኛ ፋይሎችን እዚያው ተዉአቸው፤ ቫይረሱ ተመልሶ የሚመጣው በእነሱ ነው። ፋይሎቻችሁ ሾርትከት ሆነው ከታዩ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም፣ ተደብቀው ነው። ፎልደሩ ውስጥ ቪው ብላችሁ የተደበቁትን እንዲያሳይ ስታደርጉት ብቅ ይላሉ። ካልታዩ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውንም ምልክት አንሱ። የአክስቴ ልጅ ምዕራፍ ሦስቷን እንደዚያ ስታገኘው እንባዋ መጣ።

ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ኤክስተርናሉን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱና ሁለት ሦስት ፋይል አንብባችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ንቀሉት። ስትጭኑ ተሰክቶ አይቆይ።

ፍላሹን አዘጋጁ

ቢያንስ 8 ጊጋ የሆነ ፍላሽ ያስፈልጋል፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ፍላሹን በታመመው ላፕቶፕ አትሥሩት፣ ንጹሕ ኮምፒውተር ለምኑ። ከማይክሮሶፍት የራሱ ድረ ገጽ ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል የሚባለውን አውርዱ፤ የቀረውን እሱ ራሱ አውርዶ ፍላሹ ላይ ያስቀምጥላችኋል። ብዙ ጊጋ ስለሚበላ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሂዱ ወይም የሌሊት ጥቅል ግዙ። ከቴሌግራም ቻናል የሚወርደውን "የተስተካከለ" ዊንዶውስ ግን በፍጹም እንዳትነኩት። የሸሻችሁትን ነገር መልሳችሁ ማምጣት ነው።

11 ወይስ 10? ፕሮሰሰሩን እዩ። ኢንቴል ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። አይ5-8250 ከሆነ በ8 ስለሚጀምር ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ 11 የሚጫነው በአብዛኛው ከእሱ ጀምሮ ነው። አይ5-7200 ሰባተኛ ነው፣ አይሆንም። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የደህንነት ማሻሻያውን ለጊዜው የሚያራዝም ምዝገባ አለ፣ 10 ላይ የምትቆዩ ከሆነ እሱን ሳትመዘገቡ አትቀመጡ። የ10 ቁልፍ ያለው ማሽን አቅሙ ከፈቀደ 11ን በዚያው ፈቃድ በነፃ ይወስዳል።

አሁን ጫኑት

ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀሩም ይሰካ። መብራት መሀል ላይ ቢሄድ እንዳይቋረጥባችሁ ነው። ፍላሹን ሰክታችሁ ስታበሩት ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ምረጡ። ቁልፍ ካልጠየቃችሁና የትኛውን ልጫን ካላለ ደስ ይበላችሁ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን አንብቦታል ማለት ነው። ከጠየቀ ቁልፍ የለኝም በሉና ከቀድሞው ፈቃድ ጋር የሚገጥመውን፣ ሆም ወይም ፕሮ፣ ምረጡ። ኢንተርፕራይዝ አትንኩ።

ዲስኩን ሲያሳያችሁ ያሉትን ፓርቲሽኖች (የዲስኩን ክፍልፋዮች) ሁሉ አንድ በአንድ ዲሊት አድርጓቸውና ባዶውን መርጣችሁ ቀጥሉ። ክራኩ ከነሥሩ የሚነቀለው እዚህ ላይ ነው። በላዩ ላይ ብቻ መጫን አይበቃም።

ዋይፋዩ ካልታየ አትደንግጡ፣ ድራይቨሩ (ዋይፋዩን የሚያሠራው ፕሮግራም) ገና ስላልገባ ነው። ስልካችሁን በገመድ ሰክታችሁ ኢንተርኔቱን በዩኤስቢ አጋሩት። የሰዓት ቀጠናው ላይ አዲስ አበባን ብትፈልጉ አታገኙም፣ ናይሮቢን ምረጡ፤ ሰዓቱ አንድ ነው። የአማርኛ ኪቦርድም ቋንቋ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ በነፃ መጨመር ትችላላችሁ።

ኢንተርኔት ካገኘ በኋላ አክቲቬሽን ውስጥ ተመልሳችሁ እዩ። በዲጂታል ላይሰንስ ተከፍቷል ካለ አልቋል። እኛ ላይ መጀመሪያ እምቢ አለ። ሰዓቱን ሳየው ብዙ ዓመት ወደኋላ ሄዷል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ትንሽ ባትሪ ሞታ ነው። ቀኑ ከተሳሳተ ከማይክሮሶፍት ጋር መገናኘት አይችልም። ቀኑን አስተካክዬ ትራብልሹት ስለው ወዲያው ተከፈተ፤ ባትሪዋን በማግስቱ ቀየርኩላት።

በመጨረሻ የኢሜይል፣ የቴሌግራምና የባንክ የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ። በክራኩ ዘመን የጻፋችሁትን ሁሉ ማን እንዳየው አይታወቅም።

ፈቃድ ከሌለውስ?

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መግዛት ነው። የዊንዶውስ 11 ሆም የአሜሪካ ዋጋ 139 ዶላር ነው፣ የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድም ይፈልጋል፤ ውጭ ያለ ዘመድ ካላችሁ በእሱ በኩል ይቀላል። በአሥር ዶላር የሚሸጡ ቁልፎችን አትመኑ፤ ብዙዎቹ ከድርጅት ፈቃድ የተቀነጨቡ ናቸው፣ ማይክሮሶፍት ሲደርስበት ይዘጋቸዋል።

ሁለተኛው በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ሊነክስ ሚንት ነው። ነፃ ነው፣ ሕጋዊ ነው፣ 4 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በደንብ ይሮጣል። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስ አብሮት ይመጣል። ለኢንተርኔት፣ ለፊልም፣ ለትምህርት እኔ ያለማመንታት እመክረዋለሁ። ፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራም) ወይም ፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ) የግድ ለሚያስፈልገው ሰው ግን አልመክርም፤ ሁለቱም ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው።

ዊንዶውሱ ሕጋዊ ሆነ ማለት ኦፊሱም ሆነ ማለት አይደለም፣ እሱ የራሱ ፈቃድ አለው። ሊብሬኦፊስ ዊንዶውስ ላይም በነፃ ይጫናል፤ የአክስቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን የጨረሰችው በእሱ ነው።

የሠራችሁትን ፍላሽ ደግሞ አታጥፉት። ውስጡ ክራክም የማንም ቁልፍም የለም፣ እያንዳንዱ ላፕቶፕ የራሱን ይዞ ይመጣል። የእኛው ፍላሽ ወደ ደሴ ተመልሶ የዶርም ጓደኞቿ ሦስት ላፕቶፖች ላይ ተሠርቶበታል፤ ሁለቱ የራሳቸው ፈቃድ ነበራቸው፣ ሦስተኛው አሁን በሚንት ይሠራል።